«አምስተርዳም ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ስሜን ግን አትጻፉብኝ።

የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አሁን ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት እሠራለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴና ከቤተሰቧ ጋር ነው። ወደ ጀርመን ያመጣችኝ እሷ ናት፣ ያስተማረችኝም እሷ ናት። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር አገለግላለሁ።

ጌይ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በቀር። እሷ ጀርመናዊት ናት፤ ሴት ፍቅረኛ አላት። አንድ ሌሊት አብረን ተረኛ ሆነን ሳለ ድንገት ከአፌ ወጣ። አልደነገጠችም። ሻይ ቀድታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁን እሷና ፍቅረኛዋ በኦገስት የመጀመሪያው ቅዳሜ አምስተርዳም የሚደረገውን የፕራይድ፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በዓል፣ የጀልባ ሰልፍ ሊያዩ ይሄዳሉ። «ና አብረን እንሂድ፣ ማታ ደግሞ ቡና ቤቶቹን እናሳይሃለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መሄድ በጣም እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ምን ይለኛል ሳልል መቀመጥ ያምረኛል። ግን ሐበሻ የሌለበት አገር የለም። አንድ ሰው ቢያየኝስ? የሆነ ሰው ቪዲዮ ውስጥ ብገባስ? ቲክቶክ ላይ ወጥቶ በማግስቱ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ይደርሳል። ለእህቴ «የሥራ ስልጠና አለብኝ» ብያታለሁ፤ ይሄም ውስጤን ይበላኛል። ደግሞስ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ቦታ አምሽቼ በሚቀጥለው እሁድ በምን ፊቴ ቆሜ እዘምራለሁ? ጭፈራ ቤት ገብቼ አላውቅም። መጠጥም እምብዛም ነኝ። ምናልባት ቦታው ራሱ የእኔ ላይሆን ይችላል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

አ. ነኝ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ

ወንድሜ አ.፣

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ልቤ የቆመው አምስተርዳም ላይ አይደለም። ያ የተረኝነት ሌሊት ላይ ነው። ይህን ያህል ዓመት ብቻህን የያዝከውን ነገር ለአንድ ሰው ነግረሃል። ያቺም ሰው ሻይ ቀድታ አጠገብህ ተቀምጣለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእንግዲህ ሁሉም ይቀልልሃል ማለቴም አይደለም። ግን አሁን የምታማክረው ሰው አለህ። ከዚህ በታች የምልህ ብዙው ነገር የሚሠራው እሷ ስላለች ነው።

ጥያቄህ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው «ልሂድ ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ሰው ይወቅብኝ ወይ?» ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥረህ ስለተሸከምካቸው ነው እንቅልፍ የነሱህ። አምስተርዳም ደርሶ መመለስ ለእህትህ መንገር አይደለም። ለእናትህም፣ ለመዘምራኑም መንገር አይደለም። ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ ትነግራቸዋለህ፤ ምናልባትም መቼም አትነግራቸውም። ያንን የምትወስነው አንተ ብቻ ነህ፤ ቀኑንም የምትመርጠው አንተ ነህ። አሁን የተጠየቅከው ስለ ሁለት ቀን ጉዞ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ሐሳብ፦ ሂድ። ግን በዚያ ቅዳሜ አትሂድ።

ምክንያቴን ልንገርህ። የምትፈራው ካሜራን ከሆነ፣ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ካሜራ የሚበዛው በዚያ ቀን ነው። የጀልባው ሰልፍ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው። ሰማንያ ገደማ ያጌጡ ጀልባዎች በፕሪንሰንግራኽት ቦይ ያልፋሉ። ግራና ቀኙ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሰው ይሞላል። ቴሌቪዥን ያስተላልፈዋል። ድልድይ ላይ የቆመው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርጻል። እዚያ መሃል ገብቶ «እንዳልታይ» ማለት አይሆንም። ቀኑን ሙሉ አንገትህን ደፍተህ ትውላለህ፣ ደስታውም ሳይደርስህ ያልፋል። ሰልፉን ልነቅፍብህ አይደለም፤ በጣም ያምራል። አንድ ዓመት ዝግጁ ነኝ ስትል ትሄድበታለህ፤ የትም አይሄድብህም።

ስለዚህ ለባልደረባህ እንዲህ በላት፦ «ፕራይዱን እናንተ እዩልኝ። እኔ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር አንድ ተራ ቅዳሜ ብትወስዱኝ ደስ ይለኛል።» ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሆቴሉም ዋጋ እንደ ፕራይድ ሰሞን እሳት አይሆንም። እሷም የምትረዳህ ይመስለኛል። ምናልባት እሷም መጀመሪያ ስትወጣ እንዴት እንደነበር ጠይቃት። ይህን ጥያቄ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ጭፈራ ቤት ገብቼ አላውቅም ብለሃል። ከጭፈራ ቤት መጀመር ግዴታ አይደለም። የዚያች ከተማ የጌይ ሕይወት ሌሊት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ከቀኑ ጀምር።

ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወጥተህ ትንሽ በእግርህ ስትሄድ ኦባ የሚባለውን ትልቁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታገኛለህ። መግቢያው ነጻ ነው። እዚያ ውስጥ ኢህሊያ የሚባል ክፍል አለ። ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የተጻፉ መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ ፊልሞችና ፖስተሮች ተሰብስበው የተቀመጡበት ነው። አንድ ሰዓት ተቀመጥ፤ አገላብጥ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠን ሰው ማንም ልብ አይለውም። አንተ ግን እንዳንተ ያሉ ሰዎች ስንት ነገር እንደጻፉ፣ ስንት ዓመት እንደኖሩ መደርደሪያው ላይ ታያለህ። ከእኔ ምክር ይልቅ ይህ ልብህን ሊያረጋጋው ይችላል።

ከዚያ ወደ ቬስተርማርክት ሂድ። ሆሞሞኑመንት እዚያ ነው። በ1987 የተመረቀ መታሰቢያ ነው፤ የነደፈችው ካሪን ዳን የምትባል አርቲስት ናት። ናዚዎች በማጎሪያ ካምፖች ውስጥ ጌይ ወንዶችን ልብሳቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ያስለጥፏቸው ነበር፤ መታሰቢያው የተነሣው ከዚያ ነው። ሐውልት ነው ብለህ ሽቅብ ብታንጋጥጥ አታገኘውም። መሬት ላይ ነው። ከሮዝ ግራናይት የተሠሩ ሦስት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። አንደኛው እንደ መደብ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ከመንገዱ ጋር እኩል ነው፤ ሰው ሳያውቀው ረግጦት ያልፋል። ሦስተኛው በደረጃ ወደ ካይዘርስግራኽት ቦይ ይወርዳል። ደረጃው ላይ ሰዎች አበባ ያስቀምጣሉ። አጠገቡ ደግሞ ምንነቱን የማያውቅ ቱሪስት ተቀምጦ ሳንድዊቹን ይበላል።

አንተም ተቀመጥ። እዚያ መቀመጥ ማንንም ምንም አያሰኘውም። የቬስተርኬርክ ቤተ ክርስቲያን ግንብ አጠገብህ ነው፤ ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻዋን የጻፈችው የአይሁዳዊቷ ልጅ የአን ፍራንክ ቤትም ጥቂት እርምጃ ነው። ሐበሻ ዘመድ ሲመጣበት የሚያስጎበኘው ሠፈር ነው። የምታውቀው ሰው ቢያገኝህ ሰላም ብለኸው ከተማውን እያየሁ ነው ትለዋለህ፤ እውነትህንም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሐበሾች ብዙ ጊዜ «እነሱ ፈረንጆች ናቸው፣ ለእነሱ ቀላል ነው» እንላለን። ለእነሱም ቀላል አልነበረም። በ1730 እና በ1731 በዚያች አገር ወንድ ከወንድ ጋር ተገኘ እየተባለ ብዙ ሰው ተይዞ ተገድሏል። በ1811 ወንጀልነቱ ከሕጉ ወጣ። ሆኖም በ1911 ሌላ አንቀጽ መጣ። ወንድና ሴት ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚፈቀድላቸው ነገር ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች 21 ዓመት እስኪሞላቸው የሚያስከስስ ሆነ። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1971 ነው። ሴ ኦ ሴ የሚባለው ድርጅታቸው ከጦርነቱ ማግስት በ1946 ሲመሠረት ስሙን እንኳ በግልጽ አላወጣም፤ የሼክስፒር ክበብ ተብሎ ነው የተነሣው። ከዚያ ኤፕሪል 1 ቀን 2001፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የአምስተርዳም ከንቲባ የነበሩት ዮብ ኮኸን አራት ጥንዶችን አጋቡ። በሕግ የተፈቀደ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በዓለም ላይ የተጀመረው ያኔ ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ዘና ብሎ የሚሄደው ሽማግሌ ወጣት ሳለ ልክ እንዳንተ ዞር ዞር እያለ ይመለከት እንደነበር አስብ።

ማታ ሲሆን ዜይዳይክ ወደሚባለው አሮጌ መንገድ ሂዱ። ካፌ ት ማንትየ የምትባል ጠባብ ቡና ቤት አለች። በ1927 የከፈተቻት «ቤት ቫን ቤረን» የምትባል ሴት ናት። ሌዘር የምትለብስ፣ ሞተር ብስክሌት የምትነዳ፣ ሴት እንደምትወድ ያልደበቀች ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን! መርከበኛው፣ ሴተኛ አዳሪዋ፣ ጌዩ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር የሚያመሸው። ከረባት አስሮ የገባውን በመቀስ ትቆርጥበትና ጣሪያው ላይ ታንጠለጥለው ነበር። ጣሪያው ዛሬም በከረባት እንደተሞላ ነው። በ1967 ስታርፍ አስከሬኗ እዚያው ቡና ቤት ውስጥ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ደንበኞቿ ተሰናበቷት። ቤቷ ኋላ ላይ ለረጅም ዓመታት ተዘግታ በ2008 እንደገና ተከፈተች።

ስለዚህች ቤት የምነግርህ በአንድ ነገር ምክንያት ነው። ባንኮኒው ላይ የጉጉት ቅርጽ ያለው መብራት ነበር። ፖሊስ ወይም የማይታወቅ ሰው ሲገባ መብራቱ ይበራል። ያኔ የተቃቀፈው ይላቀቃል፣ እጅ ለእጅ የተያያዘው እጁን ይሰበስባል። አንተ በደረትህ ይዘህ የምትዞረውን ፍርሃት እነሱ በመብራት ነበር የሚነጋገሩበት። ዛሬ ያ ፍርሃት የለም። ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ጌይ የሆነውም ያልሆነውም የድሮ የደች ዘፈን ሲከፈት አብሮ ይዘፍናል። ለስላሳ ብታዝ ማንም አይገርመውም። ጭፈራ የማያምረው ሰው የሚጀምርባት ቤት ናት። እኔ ብሆን እዚያ እጀምራለሁ።

ትንሽ ደፈር ካልክ ሬጉሊርስድዋርስስትራት የሚባለው መንገድ አለልህ። ስሙ ምላስ ያስራል፤ ቦታው ግን ለማግኘት አይቸግርም። ከአበባ ገበያው በስተጀርባ ነው። ቡና ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሙዚቃው እስከ ውጭ ይሰማል፣ ወጣት ይበዛዋል። መጀመሪያ በቀን እለፍበት። በቀን ስታየው ያው ተራ መንገድ ነው፤ ማታ ስትመለስ አዲስ አይሆንብህም። ሰው ብርጭቆውን ይዞ ደጅ መቆም ይወዳል። አንተ ግን የሚያሳስብህ መታየት ስለሆነ ወደ ውስጥ ግባ። ባልደረባህ ትቅደም፣ አንተ ተከተል። አምስት ደቂቃ ቆይተህ ካልተመቸህ ውጣ። መውጣት ሽንፈት አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ተነጋገሩበት። አንድ ምልክት አብጁ፤ ለምሳሌ «ራበኝ» ስትላት ሳትጠይቅህ ትነሣ።

ሰኞን እረፍት መውሰድ ከቻልክ ደግሞ ደ ትሩት የሚባል ቦታ አለ። እሁድ ማታ ብቻ የሚከፈት፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ትርፉን ለሌሎች የሚሰጥ ምድር ቤት ነው። ይህን የመረጥኩልህ ለሌላ አይደለም፦ እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እንዳንተ ያለ ሰው በነጻነት እንዲጨፍር ብለው ያወጡት ሕግ ነው። ባልደረባህና ፍቅረኛዋ ደግሞ ዮርዳን በሚባለው ሠፈር ያለችውን ሳረይንን ይወዷት ይሆናል። በ1978 የሴቶች ካፌ ሆና ነው የተከፈተችው፤ አሁን ለሁሉም ክፍት ናት።

«ምናልባት ቦታው የእኔ ላይሆን ይችላል» ያልከውን አልረሳሁትም። ልክ ልትሆን ትችላለህ። ጌይ መሆን ጫጫታ መውደድ አይደለም። ሄደህ አይተህ «ይሄ ለእኔ አይደለም፣ እኔ ቤተ መጻሕፍቱ ይሻለኛል» ብትል ጉዞው ከሽፏል አትበል። ሌላም ነገር ልንገርህ፣ እዚያ ደርሰህ ቅር እንዳይልህ። በጌይ ቡና ቤትም ዘረኝነት ይኖራል። ጥቁር በመሆንህ ብቻ የሚያፈጥብህ ሊገጥምህ ይችላል፤ ሰውነትህን እንጂ አንተን ማየት የማይፈልግም አይጠፋም። ያ የእነሱ ጉድለት ነው። አምስተርዳም የሱሪናምና የአንቲልስ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር የመሆን ዕድልህ ግን አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ፎቶ ቲክቶክ ላይ እየተለጠፈ ስንቱ ተደብቆ እንደከረመ እናስታውሳለን። የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ያስቀጣል። አንተ ደግሞ እናትህን ልትጠይቅ አገር ቤት ትሄዳለህ። ፍርሃትህ የጤነኛ ሰው ፍርሃት ነው። ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ በፊት ከሁለቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። «እኔ ያለሁበት ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አይወጣም፣ ስቶሪም ላይ አይወጣም፣ ስሜም አይጠቀስም» በላቸው። ለእነሱ ምንም ስለማይመስላቸው ሳያስቡት ሊለጥፉት ይችላሉ፤ በግልጽ ካልነገርካቸው አይገባቸውም። አብሮ መነሳት ካማራችሁ ሆሞሞኑመንቱ ጋ ሳይሆን ሌላ ቦታ ተነሱ። ስልክህ ላይ የት እንዳለህ የሚናገረውን አጥፋ። የመተዋወቂያ አፕ ካለህ ርቀት የሚያሳየውን ዝጋው፤ ፊትህን አታስቀምጥበት። አዲስ አበባ ከመብረርህ በፊት ደግሞ አፑንም፣ ውይይቱንም፣ ፎቶውንም ከስልክህ አውጣ።

ሐበሻ ብታገኝስ? እዚያው ቡና ቤት ውስጥ ብታገኘው እሱም እዚያው ነው ያለው። አንተን ያየበት ቦታ እሱም የታየበት ቦታ ነው። ምናልባትም ከአንተ በላይ የሚደነግጠው እሱ ይሆናል። ከቻልክ ሰላም በለው። በአማርኛ «እንደምን አመሸህ» የሚለው ሰው ካገኘ ለዚያ ልጅ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚሆን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሌሊቱን ነገር ነርስ ስለሆንክ አላስረዝመውም። ብርጭቆህን ጥለህ አትሂድ። የማታውቀው ሰው የቀዳውን አትጠጣ። ጂ ኤች ቢ የሚሉት አደንዛዥ ነገር በአንዳንድ ጭፈራ ቤት ይዞራል፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል፣ አትንካው። ከሰው ጋር ከተዋወቅክና ወደ ሌላ ቦታ ልትሄድ ከሆነ ለባልደረባህ አድራሻውን ላክላት። ኮንዶም ያዝ። ፕሬፕ የሚባለው የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን ደግሞ ጀርመን ውስጥ ከ2019 ጀምሮ በሕዝብ የጤና መድን ይሸፈናል፤ ሐኪምህን መጠየቅ መብትህ ነው። ትራሙ እኩለ ሌሊት አልፎ ብዙም አይቆይም፣ ከዚያ በኋላ የሌሊት አውቶቡስ ነው። ስለዚህ በእግር የሚመለሱበት ሆቴል ያዙ። ችግር ቢገጥማችሁ 112 ደውሉ። በአምስተርዳም ፖሊስ ውስጥ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጉዳይ የቆመ «ሮዘ ኢን ብላው» የሚባል ቡድን ከ1998 ጀምሮ አለ። ፖሊስ ጋ መሄድ ያሳፍረኛል አትበል።

እህትህን በተመለከተ። ሁሉን አለመንገርና መዋሸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምትበላህ ስልጠናዋ ናት እንጂ ዝምታህ አይመስለኝም። ደግሞ ውሸት ጥያቄ ያመጣል፦ ሰርተፊኬቱስ? አሠሪህስ ምን አለ? ጥሩነቱ፣ ኦገስትን ከተውከው «በኦገስት የትም አልሄድም» ብትላት እውነት ነው። ከዚያ በሴፕቴምበር «ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አምስተርዳም ደርሼ ልመጣ ነው» በላት። ይህም እውነት ነው። 31 ዓመትህ ነው፤ ለሁለት ቀን ጉዞ ከዚህ በላይ ማብራሪያ ማንም አይጠይቅህም። የምታመጣላት ነገር እንዳለ ጠይቃት፤ አይብ ትልህ ይሆናል። እህትህ ልጆች ስላሏት፣ ቤቱም የእሷ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ብትሰማ የት እንደምታድር አስበህበት ታውቃለህ? ይሆናል ብዬ ላስፈራራህ አይደለም። ግን ለብቻህ ቤት መከራየት የምትችልበትን ገንዘብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታስቀምጥ ልብህ ያርፋል። የራሱ ቁልፍ ያለው ሰው አስተሳሰቡም ይሰፋል።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። የቤተ ክርስቲያናችን አቋም የታወቀ ነው፤ በአንድ የምክር ዓምድ እፈታዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እስከ ዛሬ በየእሁዱ ቆሞ የዘመረው ማን ነው? ያው አንተ አይደለህም? ከአምስተርዳም የሚመለሰውም ያው አንተ ነህ። ቤተ መጻሕፍት ገብተህ፣ ቦይ ዳር ተቀምጠህ፣ ለስላሳ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ጸሎትህን የሚነጥቅህ የለም። ከብዶህ ከሆነ በዚያ ሳምንት ፈቃድ ጠይቀህ ቅር፤ መዘምራን ሥራ አለብኝ ብሎ ይቀራል። ለንስሐ አባትህ ልንገር ካልክ ግን አትቸኩል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ መጀመሪያ አጢን። ሰምቶ፣ አዝኖ፣ አብሮህ የሚጸልይ አባት አለ። ጸበል ካልገባህ ብሎ የሚያጣድፍህም አለ።

ለአምስተርዳም ገና ጊዜ አለህ። እስከዚያው እዚያው ፍራንክፈርት ልትጀምር ትችላለህ። ኮንስታብለርቫኸ ላይ ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ሐበሻው ሁሉ ያልፍበታል፣ አንተም ሳታልፍበት አትቀርም። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ርቆ «ክላውስ ማን» የሚባል አደባባይ አለ። እዚያ በ1994 የቆመ የመልአክ ሐውልት ታገኛለህ፤ ፍራንክፉርተር ኤንግል ይሉታል፣ የሠራችው ሮዘማሪ ትሮከል ናት። በናዚ ዘመን ለተሳደዱትና ለተገደሉት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መታሰቢያ ነው። ጠጋ ብለህ አንገቱን እየው። ተሰብሮ እንደገና ተገጥሟል፣ ግን ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው የተገጠመው። ሰባሪዋ አርቲስቷ ራሷ ናት፤ ሆን ብላ ነው። ዙሪያው ያሉት ቡና ቤቶች የከተማህ የጌይ ሠፈር ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከባልደረባህ ጋር ቡና ጠጥታችሁ ብትመለሱ ለአምስተርዳም ልምምድ ይሆንልሃል። ማን ያውቃል፣ ምናልባት እስከ ዛሬ ሳታየው ስንት ጊዜ አልፈኸዋል።

ከጉዞው ስትመለስ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊከፋህ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ይገጥመዋል። ሁለት ቀን ተንፍሰህ ከቆየህ በኋላ ወደ ዝምታ መመለስ ያማል። ስለዚህ ለዚያ ሳምንት ከወዲሁ ከባልደረባህ ጋር አንድ ማታ ያዙ። እሷ ብቻዋን እንዳትሸከምህ ደግሞ ሌላ የምታወራው ሰው ፈልግ። በትላልቅ የጀርመን ከተሞች ያሉት አይድስሂልፈ የሚባሉ የኤች አይ ቪ ማማከሪያ ማእከላት ስለ ጤና ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ሁሉ ያማክራሉ፤ ስምህን ሳትናገር መጠየቅ ትችላለህ።

እግረ መንገዴን ለሌላ አንባቢ፦ ይህን ከጥገኝነት ካምፕ ሆነህ ወይም ሆነሽ የምታነቡ ከሆነ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሴ ኦ ሴ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ስደተኞች አብሮ የሚሄድ ጓደኛ የሚያገናኝበት «ኮክቴይል» የሚባል ሥራ አለው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ስደተኞችን የሚያግዝ «ክዊር ሬፊውጂስ ዶይቸላንድ» አለ። ቃለ መጠይቅ ከመግባታችሁ በፊት አነጋግሯቸው።

አ.፣ እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚጠበቅብህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባልደረባህን አግኝተህ ቀኑ እንዲቀየር ንገራት፣ የፎቶውንም ነገር አብረህ አንሣላት። ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ። ደብዳቤህ ስምህ ሳይወጣ እኔው ዘንድ ይቀመጣል።